ገለጥ አርግልኝ

(አራት ኪሎ ላይ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቃል ካቀረብኩት ንግግር ተሰናድቶ የተጻፈ። በመሃል ከተነሡት ጥያቄዎች አብዛኞቹን ትቻለሁ፤ የመጨረሻውን ግን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ።

ኩረጃ መጥፎ ነው ብዬ ልመክራችሁ አልመጣሁም። መጥፎ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሲኮርጅ የያዝኩት ልጅ «ምን አጠፋሁ?» ብሎኝ አያውቅም፤ «ይቅርታ ያርጉልኝ መምህር፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» ነው የሚለው። ያስኮረጀው ግን «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ከልቡ ነው የሚለው፤ ዓይኑ ላይ ይታያል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህኛው ልጅ ላወራ ነው። ከመሃላችሁ አጤሬራ ጽፎ የማያውቅ ብዙ ሰው እንዳለ እገምታለሁ። «ገለጥ አርግልኝ» ተብሎ ያልገለጠ ግን ስንት ሰው አለ? እጅ አታውጡ፣ ግድ የለም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ ሌሊት ቤቴ ቁጭ ብዬ የሴሚስተር አጋማሽ (ሚድ) ፈተና ሳርም አንድ ቁጥር አስቆመኝ። 0.0745። ጥያቄው ቀላል ነበር። ዚ፣ ማለትም ቁጥሩ ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው፣ 1.67 ይወጣል፣ ሠንጠረዡን ታያላችሁ፣ 0.9525 ታገኛላችሁ፣ ከአንድ ላይ ትቀንሱታላችሁ፣ 0.0475 ይመጣል። አለቀ። 0.0745 ግን ከየትም ሊመጣ አይችልም። መቀነሱን የረሳ ተማሪ አንድ ዓይነት ስህተት ይሰጣችኋል፣ በሠንጠረዡ መስመር የዘለለ ሌላ ዓይነት። ይኼኛው ቁጥር እኮ ሠንጠረዡ ውስጥም የለም።

አሥራ አንድ ወረቀት ላይ አገኘሁት። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ስሌቱንም ጽፈውታል፦ አንድ ሲቀነስ 0.9525፣ እኩል ይሆናል 0.0745። ሲቀንሱት የማይመጣ ቁጥር ከራሱ ቅናሽ አጠገብ ተቀምጦ አንዳቸውም አላዩትም። ወረቀቶቹን ምንጣፍ ላይ እንደ መቀመጫቸው ደረደርኳቸው። (ባለቤቴ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ አየችኝና «ካርታ ትጫወታለህ እንዴ?» አለችኝ።) መንገዱ ተገለጠልኝ። መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ልጅ 0.0475 ብሏል፤ ልክ ነው። ከጎኑ ያለው ሲቸኩል ሁለቱን አሃዞች አቀያየራቸው። ከዚያ ወዲያ ስህተቱ ሳይዛነፍ ከወንበር ወደ ወንበር ተላለፈ። የሚገርመው፣ ያን ፈተና ስፈትን ክፍሉ ውስጥ እኔው ነበርኩ። እየተንጎራደድኩ።

የመስኮቱን ልጅ ቢሮ ጠራሁት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እናንተ ሰቃይ የምትሉት። ወረቀቶቹን አሳየሁት፤ አልካደም። «ለምን?» አልኩት።

«ምን ላድርግ መምህር? አብሬያቸው ነው የምኖረው። ዶርም ስምንት ነን። ባለፈው ወባ ሲይዘኝ ከካፌ ምግብ ያመላልስልኝ የነበረው ያ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ነው፤ ሳሙና እንኳ ሲያልቅብኝ ከሱ ነው የምወስደው። እምቢ ብዬው ማታ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት ለጊዜው ላቆየው። ይህን ጥያቄ ግን የፈሪ ሰበብ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ምክንያቱም የተናገረው እውነት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ከጉርሻ ውስጥ የወጣ ልጅ፣ ሌላው ሲለምነው በክርኑ ወረቀቱን ሲሸፍን ሆዱ ይላወሳል። ኮራጆቹም ይህን ያውቃሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ፈተና ዋዜማ በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጥፉት ለቀልድ ብቻ አይደለም። እምቢ ያለው ልጅ ስም ይወጣለታል፤ ስስታም ይባላል፣ ቋጣሪ ይባላል። ሌብነትን እምቢ ስላለ ንፉግ የሚባልበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

እና ይህ የኛ ባህል ነው፣ ስለዚህ ይቅር እንባባል? እዚህ ላይ ነው የማልስማማው።

አባቴ በወጣትነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ሲያወሩን የቆሎ ተማሪ ነገሩ ሁሉ የጋራ ነው። ውሻ እያስጮኸ ለምኖ በአኩፋዳው የሰበሰበውን ቁራሽ አምጥቶ ከጎጆ ጓደኛው ጋር ይቆርሳል። የታመመ ካለ ያልታመመው ይለምንለታል። ልክ እንደ ዶርሙ ልጅ። ትምህርቱም ቢሆን የጋራ ነው፤ የበረታው የደከመውን ይዞ ግሱን ያስጠናዋል፣ አገባቡን ያሳየዋል፣ ከየኔታ በታች ደግሞ አስነጋሪ አለ፣ ማታ ማታ የታናናሾቹን ይሰማል፣ ያርማል። ያወቀ ሰው ያላወቀውን ማስተማር ውለታ አይደለም፣ ግዴታው ነው።

ቅኔው ሲቆጠር ግን እያንዳንዱ ብቻውን ወደ ዱሩ ይሄዳል። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጉባኤ ቃናውን፣ ሁለት ቤት ብትሆንም፣ ከራሱ ጭንቅላት ያወጣታል። ከየኔታ ፊት ቆሞ የሌላ ሰው ቅኔ ማለት ነውር ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፣ የራሱ የባለቤቱ እንኳ ቢሆን። (ቋንቋችን ተንኮለኛ ነው፤ ቅኔ «ተዘረፈ» ይባላል። ግን የሚዘረፈው ከገዛ አእምሮ ነው።) በወሎ ደረሳውም እንደዚያው ነው። ከሸኹ ፊት ኪታቡን የሚቀራው በገዛ አፉ ነው፤ ጓደኛው ከጎኑ ሆኖ አይቀራለትም።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ንፉግ ነበሩ? ቁራሹን የሚካፈሉ፣ ሌሊቱን የሚያስጠናኑ ሰዎች ናቸው እኮ። መካፈሉ የት ላይ እንደሚያቆም ግን ያውቁ ነበር። እኛ መካፈሉን ይዘን ማቆሚያውን ጣልነው። እንዲያውም የባሰ ነገር አደረግን፤ ገለበጥነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ሰቃዩ ልጅ ላይብረሪ ጥግ ይዞ ብቻውን ያጠናል፣ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም ማንንም «ና ላሳይህ» አይልም። የፈተናው ዕለት ለሁለት ሰዓት ሁሉም ወንድሙ ይሆናል። መስጠት የነበረበት ጊዜ ቆጥቦ፣ መስጠት የሌለበት ጊዜ የሚበትን ሰው ቸር ነው ትሉታላችሁ? እኔ ዕዳውን በርካሽ የከፈለ ሰው ነው የምለው። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ዚ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያደክማል። ክርንን ማንሣት አያደክምም።

«መምህር፣ አሁን እኮ ውጤት በፊክስድ ነው፣ ልኩ ቀድሞ የተወሰነ ነው። እኔ ብሰጠው የማንን ኤ ወሰድኩ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ጥሩ ክርክር ነው፤ በከርቭ ዘመን፣ ውጤት ከክፍል ጓደኛ ጋር እየተነጻጸረ በሚሰጥበት፣ ይኼ አያስፈልግም ነበር፣ ሁሉም የየራሱን ወረቀት የሚጠብቀው ስለ ግብረ ገብ ብሎ ሳይሆን ስለ ሆዱ ብሎ ነበር። ግን ፊክስዱ እስከየት ነው ፊክስድ? ፍሬሽማን ጨርሳችሁ ዲፓርትመንት ስትመደቡ በጂፒኤ አይደለም እንዴ የምትሰለፉት? መቀመጫው ስልሳ ከሆነ ስልሳ አንደኛው ልጅ ይወጣል። የሥራ ማስታወቂያው «ከ3.00 በላይ» ሲል 2.97 ያላት ልጅ ወረቀቷን እንኳ አታስገባም። ወሰድክበት የምልህ ሰው አለ፤ አንተ ብቻ አታየውም።

ይህን የምናገረው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም አስኮርጄያለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከኋላዬ እየተቀመጠ ተመረቀ ብል ማጋነን አይሆንም። እሱ ተማሪነት ነው፣ ይለፍ። ያላለፈው የሚከተለው ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዝዣለሁ፣ ስልኬ ጮኸ፣ በቴሌግራም አራት ፎቶ። የጥያቄ ወረቀት ነው። ያ ጓደኛዬ ሥራ ሊቀጠር የጽሑፍ ፈተና ላይ ተቀምጧል፤ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ነው የላከው። «በናትህ፣ አምስቷን ብቻ» ይላል። እኔ፣ ተማሪ ይዤ ወረቀት የምቀማው ሰውዬ፣ ናፕኪን ላይ ሠርቼ በሃያ ደቂቃ ላክሁለት። ማኪያቶው በረደ።

ተቀጠረ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው ይባላል፣ አድጓልም። ድልድይ አልፈረሰም፣ ማንም አልሞተም። ስለ ኩረጃ ሲሰበክ ሁልጊዜ ድልድይ ይፈርሳል፣ ሐኪም ሰው ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንም አይፈርስም። የሚፈለገው ሦስት ሰው ነበር። አራተኛ የወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሴት ትሁን ወንድ፣ ከሰበታ በሌሊት ተነሥቶ መጥቶ ይሁን ከጎረቤት፣ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጓደኛዬ ግን አለ፤ በየበዓሉ ይደውልልኛል፣ ውለታዬን አይረሳም። የማስኮረጅ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ያመሰገነህን ፊት ለፊት ታየዋለህ፣ የጎዳኸው በኋላ በር ነው የሚወጣው።

በአገር ደረጃ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተሰረዘ። እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ዓመታት ፈታኙ ራሱ መልስ የሚያነብበት ክፍል እንደነበረ ከናንተ መሃል የምታውቁ አትጠፉም። በጥቅምት 2015 ተፈታኞቹ ከየሰፈራቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሆነ። በጥር ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። ብዙ ሰው «ትውልዱ ደነቆረ» አለ። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እነዚያ ልጆች ድንገት በአንድ ዓመት አልደነቆሩም። ከፊታቸው የነበሩትን ክፍሎች ያለፉት፣ አብዛኞቹ፣ የሚወዳቸው ሰው መልስ እየነገራቸው ነው። መምህራቸው፣ ዘመዳቸው፣ ለወረዳው ስም የሚጨነቅ ሰው። አንድም ሰው ሊጎዳቸው አስቦ አይደለም። ሁሉም ገለጥ አደረገላቸው፤ አንድ ጥቅምት ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

የመውጫ ፈተናም ያው ነው፣ ብዙ አልልበትም። ከ2015 ጀምሮ ኮምፒውተር ፊት ብቻችሁን ትቀመጣላችሁ፣ ሃምሳ በመቶ ያስፈልጋችኋል፣ የመስኮቱ ልጅ የለም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ። ከጥቅምቱ ፈተናና በጥር ከተነገረው ውጤት መሃል፣ ኅዳር 2015 ላይ፣ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። መገጣጠሙን አስቡት፤ የቀድሞው በር በተዘጋ በወሩ ሌላ ተከፈተ። ስለዚህ መሣሪያ ብዙ ፍርሃት እሰማለሁ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው። ኮራጁ ከእንግዲህ ማንንም መለመን የለበትም። አሳይመንቱን የሚሠራለት ነገር ወባ ሲይዘው ምግብ አያመጣለትም፣ ሳሙና አያበድረውም። «ጓደኛዬን እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው» የሚባል ምክንያት አለቀ። ከኩረጃ ውስጥ ጓደኝነቱ ወጣና ኩረጃው ብቻ ቀረ፤ ራቁቱን ሆኖ ስታዩት እንዴት እንደሚያስጠላ ልብ በሉ።

በነገራችን ላይ ስድስት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ገብቼ በሩ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት አየሁ። ደግሞ ፀጉሬን አይታ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መስያታለሁ መሰለኝ፣ የምታስተናግደው ልጅ በትሕትና ነበር የምታናግረኝ።

«ማማከር ስትይ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«እንደ በጀትዎ ነው ጋሼ። ምዕራፍ አንድ ብቻ አለ፣ ሙሉውም አለ። ዲፌንሱን ግን ራስዎ ነዎት የሚገቡት።»

እንደ ማሳሰቢያ ነው ያለችኝ፤ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የምከላከለው እኔው መሆኔን። ይኼን ያህል የጠራ የትምህርት ፍልስፍና ከብዙ ስብሰባ ላይ አልሰማሁም። አስኮራጅነት ሱቅ ሲከፍት ቢያንስ ቸርነት መስሎ አይቀርብም፤ ዋጋ አለው፣ ደረሰኝ ባይኖረውም።

ስለ ራሳችን ስለ መምህራንም ልናገር፤ እናንተን ብቻ አውግዤ ብወርድ ያሳፍራል። ያንኑ ፈተና ሰባት ዓመት የሚያወጣ መምህር አለ። ሲኒየሮቻችሁ የሚያወርሷችሁን የድሮ ፈተና ማጥናት ኩረጃ ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አይደለም። የመምህሩ ስንፍና ነው፤ ያገኛችሁትን አጥኑ። መቶ ሃያ ተማሪ አንድ ክፍል አጉረን፣ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጠን፣ «ትርጉሙን ጻፍ» የሚል ጥያቄ ሰጥተን፣ ከዚያ አትተያዩ ስንል እኛም እየቀለድን ነው። ተማሪው የሚገለብጠው ሊገለበጥ የሚችል ጥያቄ ሲሰጠው ነው። እኔ ከዚያ ሚድ ወዲህ ለእያንዳንዱ ረድፍ ቁጥሩን እቀይራለሁ። ሥራዬ በሦስት እጥፍ ጨመረ። ቀድሞውንም ሥራዬ ነበር።

የቡድን ሥራ የሚባለው ላይም ድርሻ አለብን። አምስት ስም የተጻፈበት አሳይመንት እንቀበላለን፣ አንዱ እንደሠራው እናውቃለን፣ ለአምስቱም እኩል እንሰጣለን። ይህ በመምህር ፊርማ የጸደቀ ማስኮረጅ ነው። አራቱ «ካርድ እንሙላልህ» ብለውታል፣ እሱም ሠርቶላቸዋል። አንዳንዴ ካርዱንም አይሞሉለትም።

ዶርም ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ ካላችሁኝ፣ የማውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ቀድሞ መናገር። ሴሚስተር ሲጀመር፣ ማንም ሳይለምን፣ «እኔ ፈተና ላይ አልገልጥም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ግን እዚህ ነኝ፣ የፈለገ ይምጣ» ማለት። የፈተናው ዕለት በሹክሹክታ የተባለ እምቢታ ክህደት ይመስላል። በመስከረም የተባለው አይመስልም። የሚቀየም ይኖራል። ሐሙስ የሚመጣው ምናልባት አንድ ሰው ብቻ ይሆናል፣ እሱም አርፍዶ። እኔ ይህን ተማሪ ሳለሁ አላደረግኩትም፤ ካደረጉት ግን ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፣ ዶርማቸው ውስጥ ማንም አልገደላቸውም።

ጥያቄ ካላችሁ።

(እዚህ ላይ የተለያዩ ጥያቄዎች ቀረቡ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ ተነሣች።)

«መምህር፣ የመስኮቱን ልጅ ምን አደረጉት? አቆየዋለሁ ብለው ነበር።»

አልረሳሁትም፤ እናንተ ትረሱታላችሁ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ አላቀረብኳቸውም። ማቅረብ ነበረብኝ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፣ ምናልባትም ልክ ናቸው። አሥራ አንዱን አንድ በአንድ ቢሮ አስገብቼ ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይሬ በቃል ጠየቅኳቸው። አራቱ ሠሩት። እንዲያውም አንዷ ከመስኮቱ ልጅ በተሻለ አስረድታኛለች፤ ለምን እንደገለበጠች ስጠይቃት «የኔን አላመንኩትም» አለችኝ። ሰባቱ አልቻሉም። ለአሥራ አንዱም ያ ጥያቄ ዜሮ ሆነ።

ለመስኮቱ ልጅም ዜሮ ሰጠሁት።

ወረቀቱን ሲያይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቱን 0.0475 ላይ አድርጎ «መልሴ ግን ልክ ነበር» አለኝ።

«ልክ ነበር» አልኩት።